የጌጫ ሰማይና የሩቅ ሰዎች ጆሮ

እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. አንድ የራዲዮ አማተር ከቆጵሮስ ደሴት የላከው የሞርስ ምልክት በሮዴሽያዋ ከተማ በሶልስበሪ፣ በዛሬዋ ሐራሬ፣ ተሰማ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ «እ.ኤ.አ.» እያልኩ አንባቢን አላሰለችም።) ሰሚው ሬይ ክራክኔል ይባላል፤ በአየር ላይ የሚጠራበት ስም ዜድኢ2ጄቪ ነበር። ላኪውም በጥሪ ስሙ 5ቢ4ደብልዩአር ተብሎ ይታወቃል። ድግግሞሹ 144 ሜጋ ኸርዝ ነው።

«ታዲያ ምን ይደንቃል? ከለንደን የተላከ ራዲዮ እዚህ ይሰማ የለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ልዩነት አለው። ለንደን ሩቅ አገር የሚያሰማው በአጭር ሞገድ ነው፤ ይኸውም ከሦስት እስከ ሠላሳ ሜጋ ኸርዝ ባለው ውስጥ ነው። እሱን ሰማይ ይመልሰዋል። 144 ሜጋ ኸርዝን ግን ሰማይ አይመልሰውም፤ እንደ ባትሪ መብራት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ከአድማስ ካለፈም በኋላ ወደ ሕዋ ሾልኮ ይጠፋል። መማሪያ መጽሐፉ የሚለው እንዲህ ነው። በቆጵሮስና በሶልስበሪ መካከል ደግሞ 5,900 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። መማሪያ መጽሐፉ አንድ ነገር ጎድሎታል ማለት ነው።

ካርታ ያለው ሰው ካርታውን ይዘርጋና ከቆጵሮስ እስከ ሶልስበሪ ክር ይወጥር። ክሩ በግብፅ፣ በሱዳን፣ በኡጋንዳ፣ በታንዛንያ ያልፋል። መሐሉ የት ላይ ይውላል? ከማላካልና ከጋምቤላ መካከል፣ ሶባት በሚፈስበት ሜዳ ላይ። ሶባት ማለት ከእኛው ደጋ በባሮና በአኮቦ በኩል የወረደው ውሃ ነው። ከዚያ ቦታ እስከ ጌጫ በአየር ቢለካ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

ጌጫን ለማያውቅ፦ ከማሻ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የሸካ ደን ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። በላይ በኩል ቀርከሃው፣ በታች ወደ ቴፒ ሲወርዱ ቡናው፣ በየዛፉ ላይ የተሰቀለው ቀፎ መታወቂያዋ ነው። ከጌጫ ቆሞ ወደ ጋምቤላ አቅጣጫ ፊቱን ያዞረ፣ ዓይኑንም ከአድማስ አርባ አምስት ዲግሪ ያህል ከፍ ያደረገ ሰው ያ የቆጵሮስ ድምፅ የመንገዱን አጋማሽ የተሻገረበትን ሰማይ ያያል። ነገሩ የሚሆነው ከመሬት ሦስት መቶና አራት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በጣም በላይ ነውና። ስለዚህ የራዲዮ ታሪክ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር የተፈጸመው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫፍ ሰማይ ላይ ነው ብል ማጋነን አይደለም። የሰሙት ግን በሁለቱ ጫፍ ያሉት ናቸው።

እዚህ ላይ «አማተር» ስለሚባለው ቃል ጥቂት ልበል። በእኛ አፍ አማተር ማለት ያልበሰለ፣ ለጨዋታ የሚሞክር ማለት ሆኖ ይሰማል። በራዲዮ ዓለም ግን ማዕረግ ነው። ፈተና ተፈትኖ፣ ፈቃድ ተቀብሎ፣ የጥሪ ስም ተሰጥቶት፣ ያለ ገንዘብ ጥቅም ከማያውቀው ሰው ጋር በአየር የሚነጋገር ሰው ነው። በተነጋገረ ቁጥር መዝገብ ይጽፋል፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ድግግሞሽ፣ የሌላውን ጥሪ ስም፣ ከዚያም ሦስት ቁጥሮች። የመጀመሪያው ቁጥር ቃሉ ምን ያህል ይለያል የሚለውን ከ1 እስከ 5፣ ሁለተኛው ጉልበቱን ከ1 እስከ 9፣ ሦስተኛው የሞርሱን ድምፅ ጥራት እንዲሁ ከ1 እስከ 9 ይናገራሉ። ይህች ሦስተኛዋ ቁጥር ቆይታ ትመጣለች፤ አንባቢ ይያዝልኝ።

የአማተሮች መዝገብ ሳይንስን ሲቀድም ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ማርኮኒ በታኅሣሥ 1901 ከኮርንዎል የተላከ ምልክት ኒውፋውንድላንድ ላይ ሰማሁ ባለ ጊዜ፣ ሞገዱ የምድርን ጉብታ እንዴት ዞረ የሚል ጥያቄ ተነሣ። በ1902 ኬኔሊ በአሜሪካ፣ ሄቪሳይድ በእንግሊዝ፣ በየራሳቸው «ከላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ንብርብር አለ» አሉ። አሉ እንጂ ማንም አላየውም። በዚህ መሐል በ1912 የወጣው የአሜሪካ የራዲዮ ሕግ ለአማተሮች ከ200 ሜትር በታች ያለውን ሞገድ ሰጣቸው። ለምን ሰጣቸው? አይረባም ተብሎ ነዋ! ረጅሙ ሞገድ ነው ሩቅ የሚሄደው፣ አጭሩ እዚያው ሰፈር ውስጥ ይቀራል ይባል ነበር። ለልጅ ከድስቱ የተራረፈውን እንደመስጠት ነው።

የተራረፈው ግን ሥጋው ያለበት ሆኖ ተገኘ። በኅዳር 1923 ዴሎይ ከፈረንሳይ፣ ሽኔል ከአሜሪካ፣ በ100 ሜትር አካባቢ ሞገድ አትላንቲክን ተሻግረው ተነጋገሩ። በጥቅምት 18 ቀን 1924 ደግሞ ለንደን ሚል ሂል ትምህርት ቤት ውስጥ የነበረ ሴሲል ጎይደር የሚባል የአሥራ ስምንት ዓመት ተማሪ ኒውዚላንድ ከነበረው ከፍራንክ ቤል ጋር ተገናኘ። ኒውዚላንድ ማለት ከእንግሊዝ አንጻር የምድር ሌላው ፊት ነው፤ ከዚያ በላይ ርቀት በዚህች ምድር ላይ የለም ማለት ይቻላል። አሥራ ስምንት ዓመት! እኛ በዚያ ዕድሜ መልቀቂያ ፈተና ስንጠብቅ ነበርን።

ሳይንቲስቶቹም ወዲያው ደረሱ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ አፕልተንና ባርኔት የቢ.ቢ.ሲ.ን የቦርንመዝ ማሰራጫ ተጠቅመው የንብርብሩን ከፍታ ለኩ። በ1926 በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ የነበሩት ቴይለርና ኸልበርት ንብርብሩ ምን ያህል ኤሌክትሮን እንደያዘ ሲያሰሉ የተመረኮዙት በአማተሮች ሪፖርት ላይ ነው። አማተሮቹ አንድ የሚገርም ነገር ጽፈው ነበርና፦ ላኪው ከተማ አጠገብ ይሰማል፣ ጥቂት ራቅ ሲል ይጠፋል፣ በጣም ሲርቅ እንደገና ይሰማል። ይህ መሐል ያለው ዝም ያለ ቀለበት ስፋቱ ከታወቀ፣ ሞገዱ በስንት ማዕዘን ወጥቶ እንደተመለሰ ይታወቃል፤ ከዚያ ኤሌክትሮኑ ይሰላል። ሰማዩን ያሰላው «አልሰማሁም» የሚለው ወረቀት ነበር ማለት ነው።

ወደ ራሳችን ሰማይ እንመለስ። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 አማተሮች በ50 ሜጋ ኸርዝ ላይ ያልታሰበ ነገር ገጠማቸው። ሜክሲኮና አርጀንቲና፣ ሐዋይና አውስትራሊያ፣ አውሮፓና ደቡብ አፍሪካ ተሰማሙ። በካርታ ላይ ሲታይ ሁሉም መንገድ ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው፤ ሁሉም ምድር ወገብን ያቋርጣል። ይልቁንም መሐላቸው የሚውለው በተራው ምድር ወገብ ላይ ሳይሆን በማግኔቱ ምድር ወገብ ላይ ነው። ይህ ሁለተኛው መስመር ምንድን ነው? ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀስ የምትችል የማግኔት መርፌ ሰሜን ስትወሰድ ጫፏ ወደ መሬት ትደፋለች፣ ደቡብ ስትወሰድ ሌላው ጫፏ ይደፋል። ሳትደፋ ጠፍጣፋ የምትተኛበት መስመር የማግኔት ምድር ወገብ ይባላል። እሱም ኢትዮጵያን አቋርጦ፣ ከአዲስ አበባ ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። ጌጫም ለመስመሩ ጎረቤት ናት።

አፕልተን በ1946 ከዚህ መስመር በላይ ባለው ሰማይ አንድ እንግዳ ነገር ጠቁሞ ነበር። ፀሐይ አናት ላይ በምትውልበት ቦታ ኤሌክትሮኑ ይበዛል ብለን እንጠብቃለን። የሚበዛው ግን እዚያ አይደለም፤ ከመስመሩ በስተሰሜንና በስተደቡብ፣ በየበኩሉ አሥራ አምስት ዲግሪ ያህል ራቅ ብሎ ነው። መሐሉ ሸለቆ፣ ግራና ቀኙ ጉብታ። ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። በቀን ከመስመሩ በላይ 105 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል፤ ኤሌክትሮጄት ይባላል። ይህን ጅረት የሚነዳው የኤሌክትሪክ መስክ፣ ከጠፍጣፋው የምድር ማግኔት ጋር ሲገናኝ፣ ከበላዩ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ሽቅብ ያነሣቸዋል። ሽቅብ የወጡት በማግኔቱ መስመሮች ላይ እየተንሸራተቱ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ልክ እንደ ፏፏቴ ተረጭተው ሁለት ጉብታ ይሠራሉ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ከሰሜን የመጣ የ50 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ አንዱን ጉብታ ነክቶ፣ ምድር ሳይነካ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ይወርዳል።

ይህ የቀኑ መንገድ ነው፤ ድምፁም ጥሩና ንጹሕ ነው። የማታው ሌላ ነው።

ክራክኔል ሮዴሽያ ላይ ሆኖ ይህን መዝገብ መያዝ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት የተባለው፣ ከሐምሌ 1957 እስከ ታኅሣሥ 1958 የቆየው የምርምር ዘመቻ ሲታወጅ ፀሐይም ረዳች፤ በታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ የበዛ ጠቃጠቆ በፊቷ ላይ የታየው በዚያ ሰሞን ነው። ጠቃጠቆው ሲበዛ ሰማይ በኤሌክትሮን ይሞላል። የአሜሪካ የአማተሮች ማኅበር በዓለም ዙሪያ ያሉ አማተሮች የ50 ሜጋ ኸርዝ ሪፖርት እንዲልኩ ጠየቀ፤ የተሰበሰበውን ሜሰን ሳውዝዎርዝ አጠናቅሮ በ1960 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አወጣው። ክራክኔልም የራሱን በ1959 ኪውኤስቲ በሚባለው የአማተሮች መጽሔት ጻፈ። በዚያ ጊዜ የታወቀው ነገር ይህ ነው፦ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ የሚመጣው ምልክት ሌላ ጠባይ አለው። የሞርሱ ድምፅ ይሸካከራል፣ ይርገበገባል፣ አንዳንዴ ከፉጨትነት ወጥቶ እንደ እንፋሎት ይንሾካሾካል። ሰው ቢናገርበት ቃሉ አይለይም፤ ሞርስ ግን አለና የለም ብቻ ስለሆነ ይነበባል።

አሁን ያች ሦስተኛዋ ቁጥር መጣች። አማተሩ መዝገቡ ላይ 9 መጻፍ ሲገባው 3 ወይም 2 ጻፈ። ይህን ሲጽፍ ምን እንደለካ ላያውቅ ይችላል። የለካው ግን የኤሌክትሮኑን ደመና እንቅስቃሴ ነው። ድምፁ የተሸካከረው ሞገዱ በብዙ በሚንቀሳቀሱ ግድግዳዎች ላይ ተንሸራትቶ ስለመጣ ነው፤ እያንዳንዱ ግድግዳ የድግግሞሹን ቁመት ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋልና። የዋጋ ውድ የሆነ መሣሪያ የሌለው ሰው በጆሮው ብቻ ይህን መመዝገቡ ለኔ የዚህ ታሪክ ዋናው ነው። ሌላውን የሚያስደንቀው ርቀቱ ነው፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህች የ2 ቁጥር ናት።

ግድግዳዎቹ ከየት መጡ? ፀሐይ ስትጠልቅ የታችኛው ንብርብር ቶሎ ይጠፋል፣ የላይኛው ግን ይቆያል፤ እንዲያውም ከመጥለቋ ጋር ሽቅብ ይነሣል። ከባዱ ከላይ፣ ቀላሉ ከታች ሆነ። ዘይት አስቀምጦ ውሃ ከላይ የሚያፈስ ሰው የሚሆነውን ያውቃል፤ ዘይቱ እየተፍለቀለቀ ይወጣል። ሰማይም እንዲሁ ነው። ኤሌክትሮን የጎደለባቸው አረፋዎች ከታች ተነሥተው የላይኛውን ንብርብር እየበሱ ይወጣሉ። የማግኔቱ መስመር ስለሚይዛቸው ክብ አረፋ ሆነው አይቀሩም፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ ተስበው ረጃጅም ቱቦ ይሆናሉ። የማሻን ቀርከሃ ቆርጦ ውሃ ያስተላለፈ ሰው ሊገምተው ይችላል፦ ከአንዱ ጫፍ የገባ ሞገድ በግድግዳው እየተንሸራተተ በሌላው ጫፍ ይወጣል። በ1938 ቡከርና ዌልስ ፔሩ ሁዋንካዮ ላይ የዚህን ምልክት አይተው ነበር፤ በ1976 ደግሞ ዉድማንና ላ ሆዝ እዚያው ፔሩ በሂካማርካ ራዳር የአረፋዎቹን ጭስ መሳይ ቅርጽ በሥዕል አወጡ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ የቆጵሮስና የሶልስበሪ 144 ሜጋ ኸርዝ መጣ። ክራክኔል ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር፣ ከነሱም አንዱ ግሪካዊ አማተር ነው፣ በ1981 ውጤቱን በዚያው መጽሔት አወጣ። ፔሩ ሚሊዮኖች የወጡበት ራዳር ነበራት። አፍሪካ ሁለት አማተርና ሁለት አንቴና።

አፍሪካ ምንም አልነበራትም ማለቴ ግን አይደለም፤ እንዲህ ያለው አነጋገር ያናድደኛል። አዲስ አበባ ነበረች። በዚያው በጂኦፊዚክስ ዓመት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። ያቆመው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ አባ ፒየር ጉዌን ነው፤ ብዙዎቻችን የምናውቀው በ1979 በታተመው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፉ ነው። ጣቢያው ለማግኔት ምድር ወገብ ቅርብ መሆኑ በአጋጣሚ የተገኘ ሀብት ነበር። ማግኔት መለኪያው ከ1958 ጀምሮ ቀን ከሌት ይጽፋል። ኤሌክትሮጄቱ ሲበረታ መስመሩ እኩለ ቀን ላይ ሽቅብ ይጎብጣል፣ ማታ ይተኛል። በየቀኑ አንድ ዓይነት ጉብታ።

ጉዌን ግን አንዳንድ ቀን ጉብታው ተገልብጦ ጉድጓድ ሆኖ አየ። የመሣሪያ ብልሽት ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። አላለፈም። በ1962 ኔቸር ላይ አጭር ጽሑፍ አወጣ፦ በአዲስ አበባ የማግኔቱ የዕለት ለውጥ የሚገለበጥበት ጊዜ አለ። በ1967 ማዮ ከተባለ ሌላ ኢየሱሳዊ የማግኔት ሊቅ ጋር ሆኖ ለነገሩ ስም ሰጡት፤ ተቃራኒ ኤሌክትሮጄት። ጅረቱ በጠራራ ፀሐይ ወደ ኋላ ይፈሳል ማለት ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ስለዚህ ነገር የሚጻፍ ጽሑፍ ሁሉ ከአዲስ አበባ ወረቀት ይጀምራል። ስንቶቻችን እናውቃለን? በየቀኑ በዚያ ግቢ አጠገብ እያለፍን።

ሁለቱ ታሪኮች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ጅረቱ በተገለበጠ ከሰዓት በኋላ ኤሌክትሮኑን ሽቅብ የሚያነሣው ኃይልም ይገለበጣል፤ ፏፏቴው ይደክማል፣ ጉብታዎቹ ያንሳሉ። እንግዲያውስ በዚያ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሰሜንና የደቡብ አማተሮች መሰማማት ሊደክም ይገባል። የጉዌን ወረቀት ምክንያቱን፣ የአማተሮቹ መዝገብ ውጤቱን ይዘዋል። አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ሶልስበሪ ተጻፈ፤ ሰማያቸው አንድ ነው።

አማተር በኢትዮጵያ ስምም ያኔ አልጠፋም ነበር። አሜሪካኖች አሥመራ ላይ በ1943 የያዙት፣ በ1953 በኮሪያ ዘማቾቻችን ስም ቃኘው የተባለው የራዲዮ ሰፈር ኢቲ3ዩኤስኤ የሚባል የአማተር ጣቢያ ነበረው። ሰፈሩ አሥመራን የመረጠው ለሰማዩ ነው፦ ከፍታ ቦታ፣ ከዋልታዎቹ የማግኔት ማዕበል የራቀ፣ ራዲዮ ዓመቱን ሙሉ ደህና የሚሠራበት። እነሱ ሰማያችንን ያወቁት ለሥራ ነው፤ በ1977 ጣቢያው ተዘጋ፣ የጥሪ ስሙም አብሮ ዝም አለ።

የራዲዮ አድማጩ ሕዝብስ? እሱም ሳያውቀው አድምጦታል። የዶቼ ቬሌ የአማርኛ ክፍል በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ በ1982 ሲጀምሩ፣ ወደ ቴፒና ወደ ጌጫ ይደርሱ የነበረው በአጭር ሞገድ ነው። የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ የሚያሰጣው፣ ሽቦውን ከቡና ዛፍ ጫፍ ጋር የሚያስረው ገበሬ አንድ ነገር ያውቃል፦ ቀን ደህና የነበረ ድምፅ ከመሸ በኋላ አንዳንዴ መርገብገብ ይጀምራል፤ ወፍ ክንፏን እንደምታራግብ። «ራዲዮው ታመመ» ይባላል፤ ይመታል፣ ይዞራል፣ ድንጋዩ ይቀየራል። ራዲዮው አልታመመም። መርገብገቡ ሁሉ ከአረፋ ነው አልልም፤ ሁለት ጣቢያ ሲደራረብም፣ ማሰራጫው ሲደክምም ይሆናል። ነገር ግን በማግኔት ምድር ወገብ አጠገብ፣ ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ የሚመጣ ፈጣን መርገብገብ በአብዛኛው የእነዚያ ቱቦዎች ሥራ ነው። በአንድ መንደር ውስጥ ስንት ጆሮ በየምሽቱ ይህን ሰምቶ ይሆን? ቀንና ሰዓት ጽፎ የያዘ ቢኖር ኖሮ ሪፖርት ይባል ነበር። ያልተጻፈ ግን ወሬ ሆኖ ይቀራል።

የአማተሮቹን መዝገብ አምላክ ማድረግም አይገባም። ትልቅ ጉድለት አለበት። አማተር ሲሰማ ይጽፋል፣ ሳይሰማ ብዙ ጊዜ አይጽፍም። ደግሞም የሚያዳምጠው ደስ ሲለው ነው፤ እሑድ ይበዛል፣ ውድድር ባለበት ሳምንት ይጎርፋል፣ ሌላ ቀን ይሳሳል። ስለዚህ መዝገቡ ባዶ ሲሆን ሰማይ ተዘግቶ ነው ወይስ ሰው ተኝቶ? አይለይም። መድኃኒቱ ቀጠሮ ነው፦ በተወሰነ ሰዓት አንዱ ይልካል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ ባይሰማም «አልሰማሁም» ብሎ ይጽፋል።

በኛ ዘመን ይህን ለኮምፒዩተር ሰጡት። የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ጆ ቴይለር፣ ራሱም አማተር ነው፣ በ2008 ዊስፐር የሚባል ዘዴ አወጣ፤ ከአምፖል በታች በሆነ ጉልበት፣ በየሁለት ደቂቃው መባቻ ላይ ምልክት ይላካል፣ ሰሚው ኮምፒዩተር በራሱ ይመዘግባል። ሌላም አለ፤ ሞርስ እየሰማ ጥሪ ስሙን አንብቦ፣ ጉልበቱን ለክቶ ወደ አንድ ማዕከል የሚልክ የጣቢያዎች መረብ። አሜሪካዊው ናትናኤል ፍሪሰልና ጓደኞቹ በ2014 ባወጡት ጽሑፍ በ2013 ፀሐይ ላይ የደረሰ ፍንዳታ ቀን ባለበት የምድር ክፍል የአማተሮቹን ሪፖርት እንዴት ድምጥማጡን እንዳጠፋ በዚህ መረብ አሳዩ። ኦገስት 21 ቀን 2017 አሜሪካን ያቋረጠው የፀሐይ ግርዶሽም እንዲሁ በአማተሮች ጆሮ ተጠና።

እነዚያን ካርታዎች ያየ ግን አንድ ነገር ያስተውላል። ሰሜን አሜሪካና አውሮፓ በነጥብ ተሸፍነዋል፤ አፍሪካ ላይ ነጥቡ እዚህም እዚያም ነው። ዝምታው የሰማይ ነው ወይስ የሰው? እዚያው ጥያቄ ላይ ተመለስን። ሰማያችን ዝም ባለመሆኑ ይታወቃል፤ ከ1947 ጀምሮ ሌሎች ሰምተውታል። ጆሮ ነው የጎደለው። ዛሬ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዋሸራ ላቦራቶሪ፣ አዲስ አበባ የጂኦፊዚክሱ ተቋም ይህን ሰማይ ያጠናሉ፤ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበርም በአምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኢቲ3ኤኤ በሚል ስም ጣቢያ አለው። ጌጫ አካባቢ ግን የቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ሚዛን ቴፒ ነው፤ ቴፒ ግቢ ውስጥ የሚማር ሰው ከዚያ የሶባት ሰማይ ሥር ነው የሚያድረው።

ለመጀመር ራዲዮ እንኳ አያስፈልግም። የአዲስ አበባ የማግኔት መዝገብ የሰዓት ቁጥሮች በዓለም የመረጃ ማዕከሎች ተቀምጠዋል። የሳውዝዎርዝ ማጠናቀሪያና የክራክኔል ጽሑፎች ታትመው ይገኛሉ። ጉብታው የተገለበጠባቸውን ቀኖች ከአንዱ አውጥቶ፣ በሌላው ላይ በዚያው ቀን አመሻሽ ምን እንደተጻፈ ማየት የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ ነው። ያለ ራዳር፣ ያለ ዶላር፣ በእርሳስና በካሬ ወረቀት። የሚሻለው ከመጋቢትና ከመስከረም ቢጀመር ነው፤ ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት ሰሞን መንገዱ በጣም ይከፈታልና።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሰዓቱን እንዳታምታቱ። የማግኔቱ መዝገብ በግሪንዊች ሰዓት ነው፣ አማተር አንዳንዱ በግሪንዊች፣ አንዳንዱ በአገሩ ሰዓት ይጽፋል። የእኛ የምሽት ሁለት ሰዓት ግሪንዊች 17፣ ሶልስበሪ 19 ነው።